በጉ ይበላል

የእንግሊዝኛ ስህተት ሳይ ያመኛል። የምሬን ነው። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚለኝ ሰው እስክሪብቶውን ከማግኘቱ በፊት ትምህርት ይቀበላል። ቦሮው መዋስ ነው፤ ማዋስ ሌንድ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን እስክሪብቶ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ሰነበትኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ስልኩ እንደጠፋበት ሊጽፍ ፈልጎ «ሉዝ» የሚለው ላይ አንድ ኦ ጨመረ። ስልኩን እንዳላላው ነው የነገረን። ሳምንት ሙሉ «አጠበቅከው ወይ?» እያልኩ አስመረርኩት።

ይሄ ጠባዬ መሐል ሜዳ ድረስ ተሰምቶ ነው አክስቴ የጠራችኝ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። እሷ እዚያ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የሚሄዱ ፈረንጆች አንዳንዴ ጎራ ይላሉ። ሜኑዋን በእንግሊዝኛ አጽፋለች፣ ፈረንጆቹ ግን አንብበው ይሳሳቃሉ።

«የሚያስቃቸውን ፈልግልኝ» አለችኝ።

ብዙ መፈለግ አላስፈለገም። የተጠበሰ ዶሮ የተባለው የተጠበሰ ወጥ ቤት ሆኗል፤ ቺክን እና ኪችን ተቀያይረው። የአትክልት ሾርባው የአትክልት ሳሙና ነው። ከሁሉ በታች «ዲዘርት» ይላል፣ በአንድ ኤስ።

«እቴቴ፣ ይሄ እኮ በረሃ ማለት ነው። ከምግብ በኋላ የሚቀርበው ጣፋጭ በሁለት ኤስ ነው የሚጻፈው።»

ማወቄን ለማሳየት ጨመርኩበት። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ መነሻው ገበታ ማንሳት ነው አልኳት።

«ገበታ ሲነሳማ እጅ ነው የሚታጠበው» አለች። «ታዲያ ሳሙናው ምን አጠፋ?»

አለፍኩት። የባሰው የበግ ጥብሱ ነበር። «ላምፕ ጥብስ» ይላል። የፋኖስ ጥብስ! መጨረሻው ፒ ሳይሆን ቢ ነው፣ እሱም ቢሆን አይነበብም፣ ሲጠራ «ላም» ነው አልኳት።

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች።

«እኔ ላም ጠብሼ አላውቅም።»

«በግ ማለት ነው እኮ፣ በእንግሊዝኛ።»

«በጉ ላም ከሆነ ላሚቱን ምን ይሏታል?»

«ካው።»

«የማይነበብ ፊደል ለምን ይጽፋሉ?»

ዱሮ ይነበብ ነበር፤ ድምፁ ሲጠፋ ፊደሉ ቀረ አልኳት። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። «ተምብ» የሚለው ላይ፣ አውራ ጣት ማለት ነው፣ ያቺ ቢ ዱሮም አልነበረችም፣ በኋላ ነው የተጨመረችው ብዬ ቀጠልኩ። አክስቴ አውራ ጣቷን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እኛስ የተጻፈውን ነው የምናነበው» አለች።

«እሱማ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አማርኛ እንደተጻፈ ይነበባል።»

ይቺን ንግግሬን ያዙልኝ።

የዚያኑ ቀን ከገበያ አንድ የመንዝ አውራ በግ ገዛሁ። ጠጉሩ ባና የለበሰ ነው የሚመስለው። ጫጫ ያለችው እናቴ ለበጎቿ ማስጠቂያ ስትመኘው የኖረችው ዓይነት ነው። ሚኒባሱ በግ አልጭንም ስላለኝ አክስቴ ጓሮ አስሬው ተመለስኩ። በጉ ግን የገበያው ግርግር አስደንግጦት ነው መሰለኝ፣ ሣር አልነካም ብሎ ነበር።

ሰኞ ማታ ሐሳብ ገባኝና ለአክስቴ መልእክት ላክሁ፦ «በጉ ይበላል»። የጥያቄ ምልክቷን ረሳኋት። እኔ፣ ሰው የጥያቄ ምልክት ሲረሳ ግማሽ ሰዓት የምለፈልፈው!

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «እሺ፣ ይበላል»።

ጎሽ፣ መብላት ጀመረ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ፒካፕ ተውሼ መሐል ሜዳ ገባሁ። አክስቴ ገና ሳልቀመጥ ጥብስ አቀረበችልኝ። እንዲያ ያለ ጥብስ በልቼ አላውቅም። ሁለቴ አስጨመርኩ። አጥንቱን ግጬ ስጨርስ እጄን ታጥቤ፣ በሳሙና ነው፣ «በሉ በጉን ልጫነው» ብዬ ተነሳሁ።

አስተናጋጇ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ሳህኑን አየችው። ከጓሮ በኩል አጥር ላይ የተሰጣ ባና የመሰለ ነገር ታየኝ።

«አንተ አይደለህ ይበላል ያልከው?»

«ይበላል ነው ያልኩት! ሣር ይበላል ወይ ለማለት!»

መነጽሯ አጠገቧ ስላልነበር መልእክቱን ያነበበችላት አስተናጋጇ ናት። በን አጥብቃ አነበበቻት። የላላው በግ ሣር ይበላል፤ የጠበቀው በግ በሽንኩርት ይበላል። ፊደሉ አንድ ነው።

«በረሃብ ሳይሞትብን ይታረድ ያልክ መስሎኝ» አለች። ቀጥላም ጎንበስ ብላ «እንደተጻፈ ነው እኮ ያነበብነው» አለችኝ።

ምን እላታለሁ? አንዳንድ መጽሐፍ ላይ የሚጠብቀው ፊደል አናቱ ላይ ነጥብ ይደረግበታል። የእኔ ስልክ ላይ ግን ነጥቧን ፈልጌ አላገኘኋትም። ደግሞ ሥጋው ሆዴ ውስጥ ሆኖ ስለ ሰዋስው መከራከር ያስቸግራል።

የቀረው ለእናቴ መንገር ነበር። መደወል ፈራሁ። ላልቶ ይሁን ጠብቆ የማያከራክር ቃል መርጬ ጻፍኩላት፦ «እማዬ፣ በጉ ተበላ።»

እናቴ መልእክት መጻፍ የለመደችው በቅርቡ ነው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መለሰች፦ «ጅብ ነው?»

የጥያቄ ምልክቷን አልረሳችም።