ለኤሊዋ የተዋጣው ገንዘብ

ዱባይ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የኤሊ ወቅት ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ ትንንሾቹ የባሕር ኤሊዎች ይደነዝዛሉ። ከድንጋይና ከመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቁት ቅርፊታም የባሕር እንስሳት ጀርባቸውን ይወርሩታል፤ ሸክሙና ረኃቡ ሲያዝላቸው ማዕበሉ ዳር ያወጣቸዋል። ያገኛቸው እንግዳ ደግሞ አዝኖ መልሶ ወደ ባሕር ይገፋቸዋል፤ ሳያውቅ ነው እንጂ ለሞት መስጠት ነው። የእኛ ላይፍጋርዶች ግን እርጥብ ፎጣ ላይ አስቀምጠው ይደውላሉ። በከተማው ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ የኤሊ ማገገሚያ ፕሮጀክት አለ፤ ከ2,000 በላይ አክሞ ወደ ባሕር መልሷል።

አንድ ቀን የተገኘችው ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ አፏ እንደ ጭልፊት የቆለመመ ነበረች። ከተወሰደች በኋላም እንግዶቹ ከእንግዳ መቀበያው አልሄዱም። አንዱ «ለሕክምናዋ ስንት ያስፈልጋል?» ሲል አብራኝ የምትሠራው የአገሬ ልጅ ፖስታ አወጣች። ዲባ የምትባል አረንጓዴ ኤሊ ቆስላ ከታከመች በኋላ በሳተላይት መከታተያ ወደ ታይላንድ አቅጣጫ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስትዋኝ መታየቷን አንብባ ነበር። እናም «ይህቺንም በስልካችሁ ካርታ ላይ ትከታተሏታላችሁ» አለቻቸው። ፖስታው ወዲያው ወፈረ።

ሂሳብ ክፍል ያሉት፣ አበሾቹ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው ሲያልፉ አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ገንዘብ አሁኑኑ ለየባለቤቱ መልሺ።»

«ጋሼ፣ ለኤሊ እኮ ነው!»

«ለኤሊም ቢሆን!»

እኛ ለለቅሶም ለታመመም ማዋጣት የለመድን ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ ይከብደናል። ዱባይ ውስጥ ግን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይያዝ እርዳታ ማሰባሰብ ክልክል ነው፤ የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ድንጋጌ ይህን በግልጽ ይላል። የዓላማው ደግነት አያድንም። ከአገር ቤት የሚመጣ ልጅ ይህን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከችግሩ በኋላ ነው።

ከሕጉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን የካርታው ተስፋ ነበር። መከታተያው በሙጫ ቅርፊት ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ክብደቱን የሚችል ትልቅ ኤሊ ይፈልጋል። ምልክት የሚልከውም ኤሊው ሊተነፍስ ብቅ ሲል ብቻ ነው፤ ጨዋማ ውኃ ሞገዱን አያሳልፍም። ለሳተላይቱ አገልግሎትም ገንዘብ ይከፈላል። መዳፍ የምታህል ኤሊ ቢበዛ ከቆዳዋ ሥር ቺፕ ይገባላት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ መሣሪያ ካላስጠጉት አይነበብም። ሰዎቹ ግን ካርታውን ገዝተዋል!

ልጅቷ እየተርበደበደች በስም ዝርዝሩ መሠረት መለሰች። አንዳንዱ «ምን ችግር አለው፣ ያዢው» ቢላትም ጋሼ አጠገቧ ቆመው ስለነበር የሚቀር ነገር አልነበረም። በኋላ አስተዳደሩ ፈቃድ ባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል መስጠት የሚቻልበትን መንገድ አመቻቸ። የማስታወቂያውን ረቂቅ የጻፈችው ያችው ልጅ ናት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ትከታተላላችሁ» የሚለውን ሰረዙት፤ በቦታው «ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለራጅ» ተጻፈ።

ብዙዎቹ እንግዶች እንደገና ሰጡ። ካርታውን አጥብቆ የፈለገው ሰውዬ ግን አልሰጠም።