ሰማያዊ ጥለትና አንዲት ሽንብራ

ትናንት ማታ ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ሲያባራ ሲጥል አመሸ። መብራት አልጠፋም። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ የእህቴ ልጅ ከኤድመንተን ደወለ። ይህ ልጅ ሲደውል መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ዝናቡን ይጠይቃል፣ ከዚያ የበረዶ ሆኪውን ይጀምራል። ካናዳ ከገባ ወዲህ እግር ኳስ ረስቷል ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ የላክሁልህን ጎል አየሃት?»

አየኋት፤ ሦስት ጊዜ። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ የኮሎራዶ ቡድን ተጫዋች ኬል ማካር የልጁ ከተማ ቡድን ኤድመንተን ላይ ያገባት ጎል ናት። ይኸው እስካሁን ከልጁ ሆድ አልወጣችም። «ኦፍሳይድ ናት!» ይላል።

ጎረቤቴ የስፖርት መምህር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የመስመር ዳኛ ይሆናል። ኦፍሳይድ የሚለውን ቃል እንደሰማ ስኒውን አስቀመጠ። «ስፒከር ላይ አድርገው» አለኝ። ነገር መጣ አልሁ።

አጎቴ አያ ምን እንደምንባባል እንዲገባቸው የባለቤቴን ነጠላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጥለቷ ሰማያዊ ናት። የሆኪ ሜዳ ላይም ሁለት ሰማያዊ መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋሉ። የባለቤቴ ጥለት አራት ጣት ብትሆን ነው። ፐክ የሚሉትን ጠፍጣፋ ጎማ በቢራ ቆርኪ ተካሁት። ኮሎራዶን ሽንብራ፣ ኤድመንተንን ባቄላ አደረግሁ።

ሕጉ ሲያወሩት ቀላል ነው። ፐኩ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ሳያልፍ የአጥቂው ሁለቱም እግሮች አልፈው ከገቡ ኦፍሳይድ ነው። አንዱ እግር መስመሩ ላይ ከቀረ ደህና። ተከላካዩ የትም ይቁም፣ አይቆጠርም። በእግር ኳስ መስመሩን ይዞት የሚሄደው ተከላካዩ ነው፤ እዚያ ግን ቀለም ቀብተው አስቀምጠውታል።

አያ ጥለቷን ትኩር ብለው አዩና «በረዶ ላይ ቆመው ነው ይህ ሁሉ?» አሉ። ለእሳቸው በረዶ ማለት ስንዴ የሚያጋድመው ነው።

ወደ ጎሏ ልመለስ። አንዲት ሽንብራ ከጥለቷ ወዲያ ቀድማ ገብታለች። ኒቹሽኪን የሚባለው ተጫዋች ነው። ማካር ፐኩን ገፍቶ መስመሩን አሳለፈው። እዚህ ላይ ዳኛው ቶሎ አይነፋም፤ እጁን አንስቶ ይጠብቃል። ቀድመው የገቡት ተመልሰው መስመሩን እስኪነኩ ድረስ ከአጥቂዎቹ አንድም ሰው ፐኩን ካልነካው ጨዋታው ይቀጥላል። ማካር ፐኩን ከገፋው በኋላ እንደገና አልነካውም፤ የኒቹሽኪን እግር መስመሩ ላይ እስኪደርስ ታገሠ። ከዚያ ነካው፣ አገባው። የኤድመንተን አሰልጣኞች በቪዲዮ ይታይልን አሉ። ታየ። ጎሏ ጸደቀች፤ ላልተሳካው አቤቱታ ደግሞ የሁለት ደቂቃ ቅጣት ተጨመረባቸው። ጨዋታው 8 ለ 6 አለቀ። ኤድመንተን አራቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፣ ዋንጫውንም ኮሎራዶ ወሰደ። ልጁ ቢቃጠል አልፈርድበትም።

«አጠገቡ ሌላ ማን አለ?» ይላል በስልኩ። «ዱላው ሥር ያለን ነገር አልያዝሁትም ይባላል?»

«ዱላው ሥር መሆንና መንካት ይለያያል» አለ መምህሩ። «በእኛም ቢሆን ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ስለቆመ ብቻ ጥፋት የለበትም።»

እኔ ከመምህሩ ወገን ነኝ። ይህን ስነግረው ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ኔትወርኩ ይሁን ኩርፊያ አልለየሁም።

እኔም እኮ በኦፍሳይድ ቂም አለብኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ያገባኋት ጎል ተሻረች። የመስመር ዳኛው ጥብስ በቆሎ እየበላ ነበር። ባንዲራው ብብቱ ሥር ስለነበር በቆሎውን አነሳ። እስከ ዛሬ «መስመሩ ቢቀባ ኖሮ እኮ» እላለሁ። እንግዲህ እነዚህ ቀብተውታል። ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር! እዚያም ጠቡ አልቀረም። እስከ ፈረንጆቹ 2020 ድረስ የኋላው እግር ከበረዶው ትንሽ ከተነሳ፣ ከመስመሩ በላይ አየር ላይ ቢሆን እንኳ፣ አይቆጠርለትም ነበር። የጫማን ስለት በቪዲዮ እያጎሉ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ሲፈልጉ ከረሙ። ኋላ አየሩም መስመር ነው ብለው ተገላገሉ።

አያ በወጣትነታቸው የገና ጨዋታ ተጫውተዋል። «በእኛ ጊዜ መስመር የለ፣ እጅ የሚያነሳ የለ» አሉ። «ጥንጓን ጥለህ ፊት ከሄድህ ማን ያቀብልሃል? ብቻህን ትቀራለህ።»

«ጎሉ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅስ?» አላቸው መምህሩ።

«እሱማ ቁርጭምጭሚቱን ይባላል!»

ልጁ ከወዲያ ሳቀ። ሆኪም ይህ ደርሶበታል። በፈረንጆቹ 1929 ፐኩን በየትኛውም ክልል ወደ ፊት ማቀበል ሲፈቀድ ሰዉ ሁሉ ጎሉ አጠገብ ሄዶ ይቆም ጀመር። ጎል እንደ ጎርፍ ሆነ። የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ከፐኩ ቀድሞ ሰማያዊውን መስመር ማለፍ ተከለከለ። ቁርጭምጭሚት በመምታት ፋንታ ሕግ አወጡ ማለት ነው። አያ ይህን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም።

ባለቤቴ ነጠላዋን ልትወስድ መጣች። መምህሩ «አንዴ! አንዴ ብቻ!» ብሎ ለመናት። ልጁም «ጋሼ፣ እስኪ በደንብ እየው፣ ማካር ሲነካው ሽንብራዋ ጥለቷን ነክታለች?» አለኝ።

ሁለታችንም ጎንበስ አልን። ቆርኪው አለ። ባቄላዎቹ አሉ። ሽንብራዋ የለችም።

ቀና ስንል አያ እየቆረጠሙ ነበር።