የፎቶ ቤቱ ዲስኮች፦ ሦስተኛ ሳምንት

አጎቴ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ የነበራቸውን ፎቶ ቤት ዘግተው ዕቃውን ወደ ቤት ሲያመጡ ቆራሌው በራፍ ላይ ነበር። አሮጌውን ኤሌክትሮኒክስ በኪሎ ሊሸጡለት ሲሉ «ጋሼ፣ እስቲ ይቆዩ፣ መጀመሪያ ልያቸው» ብዬ አስቆምኳቸው። በካርቶኑ ውስጥ 4 የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ፣ 2 ላፕቶፕ፣ 5 ስልክና በአንድ ጣሳ ሙሉ ሚሞሪ ካርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የምማረው በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ያለውን መረጃ ተመልሶ እንዳይገኝ አድርጎ ማጥፋትን ነው።

አንዱን ዲስክ ለሙከራ ፈጣን ፎርማት አደረግሁትና ኮምፒውተሩ ባዶ ነው አለኝ። የጠፋ ፋይል መልሶ በሚያወጣው ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ስፈትሸው ግን ፎልደሩ በሰው ፊት ተሞላ፦ ጣና ዳር ጀልባ ላይ የቆሙ ሙሽሮች፣ የክርስትና ሕፃናት፣ ጉርድ ፎቶዎች፣ ስካን የተደረጉ የቀበሌ መታወቂያዎች። አጎቴ ከኋላዬ ቆመው አዩና «ይኼ እኮ የሰው አደራ ነው» አሉ። ፈጣን ፎርማት ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ምስሎቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ናቸው።

ስለዚህ ሥራው ከመዶሻ አልጀመረም። ሁለት ምሽት ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብለን የሚቀረውንና የሚጠፋውን ለየን። ለቤተሰብ የሚቀመጠውን በሌላ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ቅጂው መከፈቱንም አረጋገጥኩ። ይህን ሳትጨርሱ ምንም አትንኩ።

ለሃርድ ዲስክ የተጠቀምኩት ንዋይፕን ነው፤ ዲስኩ ላይ ባለው ሁሉ ላይ ሌላ ነገር እየጻፈ የሚያጠፋ ፕሮግራም ነው። ሰው ሁሉ 35 ጊዜ ደጋግሞ መጻፍ አለበት ይለኝ ነበር። ቁጥሩ የመጣው ፒተር ጉትማን የተባለ ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጽሑፍ ሲሆን የታሰበውም ለዚያ ዘመን ዲስኮች ነበር። ለዛሬው ሃርድ ዲስክ ሙሉውን አንድ ጊዜ በዜሮ መሙላት ይበቃል፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም መመሪያም ይህንኑ ይላል። እኔን ያስቸገረኝ መብራት ነው። በዩኤስቢ 2 ገመድ አንድ 500 ጊጋባይት ዲስክ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ሥራው እንደገና ከዜሮ። ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም የዴስክቶፕ ዲስክ የራሱን 12 ቮልት ስለሚፈልግ አብሮ ይጠፋል። ዲስኩን ዴስክቶፕ ውስጥ በቀጥታ ስሰካው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደልኝ። ሲያልቅ ያንኑ ፎቶሬክ መልሼ አስነሣሁት፤ አንድም ምስል አላገኘም። በዚያች ሌሊት የተሰማኝ ደስታ ቀላል አልነበረም።

አራተኛው ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ አልነበብ አለ። የማይነበብ ዲስክ አይጻፍበትም፤ ስለዚህ በቲ8 ኮከብ ካቻቢቴ ፈትቼ መረጃው የሚጻፍባቸውን ክብ ሳህኖች አወጣሁ። የዴስክቶፕ ዲስክ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ይቧጨራል፣ ይታጠፋል። የላፕቶፑ ግን ብዙ ጊዜ መስታወት ነውና እንደ ብርጭቆ ይፈነጠራል፤ ያለ መነጽር እንዳትሞክሩት።

ከላፕቶፖቹ አንዱ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ ነበረው። እዚህ ላይ በዜሮ መሙላት አይታመንም፤ መቆጣጠሪያው ጽሑፉን ቦታ እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ እኛ የማንደርስባቸው ክፍሎች ይቀራሉ። ማግኔትም ምንም አያደርገውም። የሚሠራው ኤስኤስዲው ራሱ የያዘው የማጥፊያ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ «ተቆልፏል» ብሎ እምቢ አለኝ። ላፕቶፑን አስተኝቼ ስቀሰቅሰው ተቀበለ፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ጨረሰ።

ስልኮቹ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ሲምና ሚሞሪ ካርድ ማውጣት፣ ከጉግል አካውንት መውጣት፣ ኢንክሪፕት ማድረግ (መረጃውን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መመስጠር)፣ ከዚያ ሪሴት (ስልኩን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ)። አካውንቱ ሳይወጣ በሪከቨሪ፣ ማለትም ስልኩ ሲነሣ በቁልፎቹ በሚከፈተው የጥገና ገጽ በኩል ሪሴት ከተደረገ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ያሉ ብዙ ስልኮች የድሮውን አካውንት እየጠየቁ ይቆለፋሉ። አሮጌዎቹ በራሳቸው ኢንክሪፕት ስለማያደርጉ በእጅ ማብራት ያስፈልጋል፤ ያውም ባትሪው በደንብ ሞልቶ ቻርጀር ላይ እንዳለ። የአንደኛው ስልክ ባትሪ አብጧል። ቻርጅም አላደረግሁትም፣ በትራፓኖም አልነካሁትም፤ ሊቲየም ሲወጋ ይነዳል። ደረቅ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከቤት ውጭ አስቀምጬዋለሁ።

ስብርባሪው ቆሻሻ ጋር እንዲሄድ አልፈልግም። ዝናብ ሲመጣ የከተማው ጎርፍ መጨረሻው ጣናና ዓባይ ነው፣ በቦርዱ ላይ ያለው እርሳስም አብሮ ይሄዳል። ለብቻው በጆንያ አስሬዋለሁ።

አጎቴ የደንበኞችን ቀጠሮ ይጽፉበት የነበረውን መዝገብ አውጥተው የየዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና የጠፋበትን መንገድ እየጻፉ ይፈርማሉ። ከ11 መስመሮች 10ሩ ተፈርመዋል። ያበጠው ስልክ መስመር ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ባትሪ አውጥቶ የሚያውቅ ጠጋኝ ጋ እወስደዋለሁ። የጣሳው ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ገና አልተቆጠረም።