ከአያት የተወረሰ የምኒልክ ብር ፕሩፍ መሆን አለመሆኑን ስለ መለየት

ከአያቴ ሙዳይ ወጥቶ በውርስ የደረሰኝ የአፄ ምኒልክ ብር ፊቱ ስለሚያብለጨልጭ፣ ያዩት ዘመዶቼ ሁሉ ለሰብሳቢዎች ወይም ለናሙና በልዩ ጥራት ከተመቱት፣ ፕሩፍ ከሚባሉት ብርቅ ሳንቲሞች አንዱ ሳይሆን አይቀርም የሚል ተስፋ አደረባቸው። ይህ ጥያቄ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚነሣ በመሆኑ፣ ለመልሱ ያበቃኝን ምርመራ በጽሑፍ ማስቀመጥ ወደድሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ፕሩፍነት የአሠራር ስም እንጂ የንጽሕና ወይም የማማር ደረጃ አለመሆኑ ነው።

ለገበያ የሚውል ሳንቲም በፍጥነት፣ በአንድ ምት ታትሞ በሺህ ከሚቆጠሩ መሰሎቹ ጋር ይከመራል። ፕሩፍ ግን ማተሚያው ብረትም የሚታተምበት ዝርግ ብርም አስቀድመው ተወልውለው፣ በዝግታና በከባድ ግፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ተመትቶ፣ እርስ በርስ እንዳይጫጫር አንድ በአንድ በጥንቃቄ ይነሣል። በዚህም የተነሣ ምስል የሌለበት ባዶ ሜዳው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ ከፍ ብሎ የተቀረጸው ምስል ደግሞ ብዙ ጊዜ አመዳይ ያረፈበት መስሎ ነጣ ይላል። ፕሩፍ ሆኖ የተወለደ ሳንቲም በኪስ ዞሮ ቢያረጅም ፕሩፍ መባሉ አይቀርም፣ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ፤ ለገበያ የተመታውም ምንም ያህል ቢወለወል ፕሩፍ ሊሆን አይችልም።

የእኔው ብር ላይ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው ዓመት ፲፰፻፹፱ ነው፤ ይህም 1889 በእኛው አቆጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ከ1896 እስከ 1897 ያለውን ጊዜ ያመለክታል። የምኒልክ ብር በፓሪስ የሳንቲም ማተሚያ ቤት መመታት የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያው ከመጀመሪያው ዓመት ምት ውስጥ በፕሩፍ የተሠሩ መኖራቸው ይታወቃል። ዓመቱን በብሩ ጀርባ ከተቀረጸው አንበሳ ጋር ማስተያየትም ይጠቅማል፤ በ1887 እና በ1889 ብሮች ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ የፊት እግሩን ሲሆን፣ በ1892 እና በ1895 ግን የቀኙን ነው። ዓመቱና እግሩ የማይገጣጠሙበት ብር ካጋጠመ ስለ ፕሩፍነቱ ከማሰብ በፊት እውነተኛነቱን መጠራጠር ይገባል።

ክብደቱም እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። ትክክለኛው የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህም ውስጥ ንጹሕ ብሩ ከሺህ 835 እጅ ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። በወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ከመለሱ በኋላ፣ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳያስነኩ ውኃው ውስጥ ቢያጠልቁት፣ ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት፤ ይህም የሳንቲሙ ሳይሆን ሳንቲሙ ቦታውን የያዘበት ውኃ ክብደት ነው። ቁጥሩ ከዚህ ጉልህ ሆኖ ከበለጠ ብረቱ ከሚገባው የቀለለ ሌላ ቅይጥ ነው ማለት ነው። ማግኔት ከሳበውም ነገሩ በዚያው ያበቃል።

እውነተኛነቱ ከታወቀ በኋላ ዓይን ማረፍ ያለበት ከሜዳው ይልቅ በጠርዙና በፊደላቱ ላይ ነው። ቢያንስ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዞ፣ ሳንቲሙን ከአንድ መብራት በታች እያዘነበሉ ማየት ይበቃል። በፕሩፍ ላይ የጠርዙ ከንፈር በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ ፊደላት ግድግዳቸው ቀጥ ያለ፣ ሥራቸው ከሜዳው ጋር በጠራ መስመር የሚገናኝ ይሆናል፤ የአንበሳው ጋማና የንጉሡ ዘውድ ጌጦች በጣም ጥቃቅን እስከሆኑት ድረስ ሞልተው ይታያሉ። በእኔው ብር ላይ ግን የፊደላቱ ትከሻ የተድበለበለ፣ የጋማው ጫፍም ከመጀመሪያውም ሙሉ በሙሉ ያልሞላ ነው።

ታዲያ ብልጭታው ከየት መጣ? በአገራችን ብር ሲጠቁር በአመድና በሎሚ መፈተግ የቆየ ልማድ ነው፤ ጠገራውም (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ብር) የምኒልክ ብሩም በአንገት ጌጥነት ስለሚንጠለጠል፣ አንጥረኛም እየወለወለ ስለሚመልሰው፣ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ፊቱ ደጋግሞ ተልጧል። የተወለወለ ሳንቲም ብርሃን ሲያርፍበት ከጸጉር የቀጠኑ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጭረቶች ይወጡበታል፤ ጭረቶቹ ከሜዳው ተነሥተው በፊደሉ አናት ላይ ሳይቋረጡ ካለፉ፣ ያበራው የሰው እጅ እንጂ ማተሚያው አይደለም። ፊደላቱ ሥር ባሉት ጥግጋጎች ጥቁረቱ ቀርቶ ሜዳው ብቻ ማብራቱም ይህንኑ ይናገራል። በእኔው ብር ጠርዝ ላይ በተጨማሪ የማንጠልጠያ ቀለበት ብየዳ የነበረበት ትንሽ እብጠት አለ። ስለዚህ የጠቆረ ብር የወረሰ ሰው ሁሉ፣ እባካችሁ፣ አትፈትጉት፤ ጥቁረቱ የብሩን ፊት አይጎዳም፣ ፈትጎ ማንሣቱ ግን የፊቱን ቆዳ ለዘለዓለም ይወስደዋል።

የእኔው ብር፣ እንግዲህ፣ ለገበያ የተመታ ነው። በተመሳሳይ መንገድ የማርያ ትሬዛ ጠገራ በእጁ ያለ ሰው 1780 የሚለውን ዓመት አይቶ ባይቸኩል ይሻላል፤ ይህ ዓመት ንግሥቲቱ ያረፉበት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። የኦስትሪያ ማተሚያ ቤት ዛሬም ያንኑ ጠገራ በፕሩፍ አሠራር ለሰብሳቢዎች ስለሚሸጥ፣ መስታወት የሚመስል ጠገራ ከአዲሶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ፕሩፍ የሆነ የአገራችንን ሳንቲም ለሚፈልግ ግን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1958 ዓ.ም. የወጡት የወርቅ ሳንቲሞችና በ1964 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን፣ አፄ ዮሐንስን፣ አፄ ምኒልክንና ንግሥት ዘውዲቱን ይዘው የወጡት የብር ሳንቲሞች አሉ፤ እነዚህ ገና ሲመቱ ለሰብሳቢ የታሰቡ ነበሩ።

ሳንቲሙ ከላይ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ አሟልቶ ከተገኘ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እንደ ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ ያሉ የአሜሪካ መርማሪ ድርጅቶች ናቸው፤ ለገበያ የተመታውንና ፕሩፉን በተለያየ ምልክት ለይተው እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ደረጃ ይሰጣሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ባለቤት ግን ሳንቲሙን ከመላኩ በፊት ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሊሄድ ይገባዋል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።