ግድግዳውም ሥጋ ይብላ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ደሴ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። የታኅሣሥን የጦሳ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጋቢ ደርቤም ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ከአጥሩ ውጭ ከገበያ የሚነዳ በግ ይጮኻል። የገና በግ በጮኸ ቁጥር ደግሞ እኔ ጣልያናዊው የካቶሊክ ቅዱስ፣ የፍራንቸስካውያን ማኅበር መሥራች ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ትዝ ይለኛል። አትሳቁ፣ ምክንያት አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1223 በልደት ሌሊት፣ ግሬቾ በምትባል የጣልያን ተራራማ መንደር ፍራንቸስኮስ ግርግም አሰናዳ። ድርቆሹ እውነተኛ፣ በሬውና አህያው እስትንፋስ ያላቸው። ቅዳሴው እዚያው ግርግሙ ዘንድ ተቀደሰ። እሱ ዲያቆን እንጂ ቄስ አልነበረም፤ ወንጌሉን በዜማ ያነበበው ግን እሱ ነው። ታሪኩን ቀድሞ የጻፈው የቸላኖው ቶማስ እንደሚለው፣ «ቤተልሔም» ሲል ድምፁ ልክ እንደ በግ ነበር። ቤኤኤ...

ይኸው ጸሐፊ ሌላም ነገር ጽፏል። ልደት ዓርብ ቀን ዋለና የማኅበሩ ወንድሞች ሥጋ ይበላ አይበላ ብለው ተከራከሩ። ፍራንቸስኮስ ተቆጣ። ሕፃኑ የተወለደልንን ቀን እንዴት ዓርብ ትሉታላችሁ፣ በዚህ ቀን ግድግዳውም ሥጋ ቢበላ ደስ ይለኝ ነበር፤ መብላት ካልቻለ እንኳ ስብ ይቀባ አለ። በእኛም አገር ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ጾሙ ይሻር የለ? (ሰውየው የእኛው ንጉሥ ላሊበላ ዘመን ሰው መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ነገ ጠዋት ላስታ ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል የምትገኙ፣ ለእኔም ጸልዩልኝ።)

ብዙ ሰው ፍራንቸስኮስን የሚያውቀው ለወፎች ሲሰብክ በተሳለው ሥዕል ነው። ያምራል፤ እኔን ግን ብዙም አይዘኝም። የሚይዘኝ ሌላ ነው፤ እሱን ለመናገር አንድ ነውሬን ማውጣት አለብኝ።

ልጅ ሳለሁ በየበዓሉ ዋዜማ ቄጤማ ተሸክመው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ታክመው ድነዋል፤ የሄዱት ጣቶቻቸው ግን አልተመለሱም። መድኃኒት የጀመረ ሰው በሽታውን እንደማያጋባ ያኔ ማን በነገረኝ! አያቴ ቡና ሳታጠጣ አትሸኛቸውም ነበር። ስኒውን በሁለት መዳፋቸው መሐል ይዘው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ፉት ይላሉ። አንድ ገና ላይ፣ እሳቸው እንደወጡ፣ ስኒያቸውን በጣቴ ጫፍ አንሥቼ ከሌሎቹ ለይቼ ከረከቦቱ ውጭ መሬት ላይ አስቀመጥሁት። አያቴ አየችኝ። አንዲት ቃል አልወጣትም። ስኒውን አነሣች፣ ሳታለቀልቀው በረካውን ቀዳች፣ ጠጣችበት።

ፍራንቸስኮስም እንደ እኔ ነበር። የሀብታም ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ለባሽ፣ ዘፋኝ፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከሩቅ ሲያይ የሚዘገንነው። እ.ኤ.አ. በ1226 ሊሞት ሲል ኑዛዜውን አስጻፈ። የሚጀምረው ከጳጳሳትም ከራእይም አይደለም፤ ከነሱ ነው። በኃጢአት ሳለሁ እነሱን ማየት ይመረኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ራሱ መሐላቸው አስገባኝ፣ የመረረኝም ነገር ጣፈጠኝ ይላል። እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር የማየው አያቴን ነው፤ እሷ ደግሞ ስሙን እንኳ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወሎዬ ነኝና አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1219 የመስቀል ጦረኞች ግብፅ ላይ ዳሚየታን ከበው ሲዋጉ፣ ፍራንቸስኮስ መሣሪያ ሳይይዝ የጦር መስመሩን አልፎ ሱልጣን አል ካሚል ዘንድ ገባ። የሳላሃዲን ወንድም ልጅ ነው ሱልጣኑ። በክብር ተቀብሎት በሰላም ሸኘው። ከሁለት ዓመት በኋላ በተጻፈው የማኅበሩ ደንብ ላይ፣ ወደ ሙስሊሞች አገር የሚሄዱ ወንድሞች ክርስቲያን መሆናቸውን ይናገሩ፣ ግን ክርክርና ጠብ አያንሡ የሚል አለ። የመስቀል ጦርነት ተፋፍሞ ሳለ ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። እኛ ቤት ነገሩ ደንብ ሳይጻፍለት በድስት ነው የተፈታው፤ ለክርስቲያኑ አንድ፣ «የእስላም ድስት» የምንለው ደግሞ አንድ። ነገም እንደ ወትሮው ጎረቤታችን ሼኹ በማለዳ መጥተው አንዱን በግ በራሳቸው ቢላዋ ያርዱልናል፤ የሱን ወጥ የምትሠራው ባለቤታቸው ናት። እናቴ ቅመሙ አነሰ ስትል ታማርራለች፣ በየዓመቱ።

ራቅ ያላችሁ ደውሉልን፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ እናነሣለን። ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ቤቱን ታውቁታላችሁ፣ በረካው ሳያልቅ ድረሱ። እኔ ቄጤማ ሳልገዛ እየመሸብኝ ነው፣ ልውጣ።

መልካም ገና!