60 እንጀራና ሁለት መኪና

የሚስቴ ወንድም ቢዋይዲ የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሰላም የለም።

የእኔዋ መርሴዲስ ናት። ኢ 240፣ የ2003 ሞዴል፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.6 ሊትር ሞተር፣ 177 የፈረስ ጉልበት። በሯ ሲዘጋ "ዱፍ" ትላለች። ያንን ድምፅ ለመስማት ብዬ አንዳንዴ ሁለቴ እዘጋዋለሁ። የወንበሯ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ግን ቆዳ ነው።

የእሱዋ ስሟ "ሲል" ነው። መጀመሪያ ሲነግረኝ "ማን ምን ሲል?" ብዬ ነበር የጠየቅኩት። የባሕር እንስሳ ስም ነው አለኝ። የኤሌክትሪክ ዕቃ በውኃ እንስሳ የሚሰይም ሰው ምን ዓይነት ድፍረት ቢኖረው ነው?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህማ ሰውዬው ትንቢቱ የተፈጸመለት ነቢይ ሆኗል። "ያንተዋ'ኮ ቅርስ ናት" ይለኛል። ይባስ ብሎ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ደግሞ በስስ አየር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ግድ የለውም ብሎ አስረዳኝ። "ከፈረሶችህ ሩቡ ተራራ መውጣት አቅቷቸው ቀርተዋል" አለና ሳቀ። የሚያናድደው ነገር እውነቱን ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማማን። በ21 አማቴ አዳማ የማርያም ዝክር አለባት። መኪና ተቀያይረን እንሂድና ይለይልን። እሱ በእኔ፣ እኔ በእሱ።

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። መርሴዲሷን ያስረከብኩት የነዳጅ መብራቷ በርቶ ነው። "ይሞላታል" ብዬ። እሱም ለካ የዋዛ አይደለም፤ 52 በመቶ ቻርጅ ይዛ ነው የሰጠኝ።

ጠዋት ገብቼ ፍሬን ረገጥኩና አዝራሩን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ስጫን ሚስቴ "እያበራህ እያጠፋሃት'ኮ ነው" አለችኝ። ሲጀመር ተነስታ ነበር ለካ። ሞተር ሲነሳ አለመሰማቱ ለእኔ ቢጤው ሰው ቡና ያለ ጭስ ነው።

ቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱ መግቢያ ላይ ካርዴን ወስጄ ነዳጅ ሰጠኋት። የምሰጠው ነዳጅ ባይኖርም ምን ልበለው ታዲያ? ከዜሮ እስከ መቶ በ5.9 ሰከንድ ናት። የእኔዋ ወደ ዘጠኝ ሰከንድ ትፈልጋለች፤ እሱም ካልከፋት። እኔ ወደፊት ሄድኩ፣ ጨጓራዬ ቱሉ ዲምቱ ቀረ። ሚስቴ "በስመ አብ!" አለች። እኔም በልቤ ወደድኳት። ይሄ በመካከላችን ይቅር።

ከዚያ ግን ዓይኔ መቶኛው ላይ ወደቀ። 49። 48። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ስለሆነች መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። እግሬን ሳነሳ መኪናዋ ራሷን ትይዝና ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች። ስክሪኑ ላይ ሲታይ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! የተሰጠ ብድር ሲመለስ እንደማየት ነው። ብድር ማስመለስ ጀመርኩ። ኤሲ አጠፋሁ። መስኮት ዘጋሁ። ፍጥነት ቀነስኩ። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ። ሚስቴ በነጠላዋ እያራገበች "ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?" አለች።

አዳማ ስንደርስ 41 ይላል። ለመመለስ ይበቃ ነበር፣ ተርፎም ይቀር ነበር። እኔ ግን ስልኬ 50 በመቶ ሲገባ ቻርጀር የምፈልግ ሰው ነኝ። ኮፈኑ ውስጥ ያለውን የቤት ቻርጀር አውጥቼ ሶኬት ፍለጋ ገባሁ። ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ማድቤት ያለው ብቻ ነው። ገመዱን በመስኮት አሾልኬ ሰካሁት። መኪናዋ አረንጓዴ አበራች። እኔም ጎሽ ብያት ጠላ ወደሚቀዳበት ሄድኩ።

አማቴ በዚያ ሰዓት 60 እንጀራ እየጋገረች ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ።

ለማታውቁት፣ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ትበላለች። መኪናዋ በተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ገደማ። ባትሪዋ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ባዶ ብትሆን በዚያ ሶኬት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ትጠባለች። ፍሪጁን ጨምሩበት። ይሄን ሁሉ ሒሳብ የሠራሁት በኋላ ነው።

መብራት ሄደ።

"አይ መብራት!" አልኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። አማቴ በአጥሩ በኩል "እናንተ ጋስ?" ብላ ጠየቀች። የጎረቤት ልጅ "እኛ ጋ አለ!" አለ።

ብሬከሩ ነው የጣለው። እንደ ወንድ ሄጄ መለስኩት። ትንሽ ቆይቶ ጣለ። መለስኩት። ጣለ። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ተለጥፎ ቀረ። አማቴ ማስነሻዋን ይዛ እንደ መርማሪ ግድግዳውን ስትከተል ገመዱን አገኘችው። በመስኮት አንገቷን አወጣች። ገመዱ የሚሄድበትን አየች።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?"

"የመኪናዋ ነው እማማ።"

"መኪናዋ ምን ልትጋግር ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ነቅዬ ጠቀለልኩት። ምጣዱ እስኪግል፣ የተለጠፈው እስኪፋቅ፣ ሊጡም ከመጠን በላይ ኮምጥጦ እንግዶች መምጣት ጀመሩ።

መርሴዲስን ወደ ገበያ ለእንጀራ መላክ ነበረብን። መርሴዲስ የለችም። ደወልኩ። "ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነኝ፣ አንተ ሌባ" አለኝ የሚስቴ ወንድም። ሦስት ሰዓት ገደማ ዘግይቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ድካሙ ለቀቀው። "እማዬ፣ ይቺ መኪና'ኮ ከባትሪዋ መብራት ማውጣትም ትችላለች!" ብሎ ማስተላለፊያዋን ከኮፈኑ አወጣ።

"ታዲያ ምጣዴን አስቀጥላት!"

"ምጣድ... ምጣድ ትንሽ ይከብዳታል። ፍሪጅ ትችላለች። ቲቪ ትችላለች።"

"ምጣድ የማትችል መኪና ይገዛል?"

እኔ በሳቅ ልሞት ስል ወደ እኔ ዞረች። "ያንተዋስ ምን ትጋግራለች?"

እንጀራው በባጃጅ መጣ። 40 እንጀራ፣ በፌስታል፣ ሹፌሩ ጉልበት ላይ ሳይቀር። ባለ ባጃጁ ሁለቱን መኪኖች በር ላይ ቆመው ሲያይ "ተበላሹ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

ማታ ልንሄድ ስንል እኔ ወደ መርሴዲሴ ተመለስኩ። በሩን ሁለቴ ዘጋሁት። አማቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና እኔን አልፋ ሄደች። የቢዋይዲዋን የፊት ወንበር ከፍታ አስቀመጠችው። ያቺ ዓይን ያላወጣችው እንጀራ ናት።

"የመኪናዋ ድርሻ ነው" አለች።