ስም የሚጠራባቸው ምሽቶች

ከዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስወጣ በታክሲው ሰልፍ ላይ የቆሙት ሾፌሮች የሚጨዋወቱት በአማርኛ ነበር። ወሩ ሰኔ፣ ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው። ተራ የደረሳቸው ጠጉረ ሽበቱ ሾፌር ሻንጣዬን ለመጫን የመኪናቸውን የኋላ ኮፈን ሲከፍቱ አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ትርፍ ጎማ፣ ጃንጥላና ጥቂት የውኃ ጠርሙሶች ብቻ ነበሩ።

«ምን ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ኪቦርድ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው» አልኳቸው።

ወዲያው ገባቸው። ፈገግ አሉና «እሱስ የኃይሉ መኪና ነው» አሉ።

ኃይሉ መርጊያን ማለታቸው ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች፣ የአዲስ አበባ ሒልተንን ሌሊቶች ያሞቀ ሰው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ሙዚቃውን ይዞ አሜሪካ ሲመጣ ከቀሩት አንዱ እሱ ነበር። ለብዙ ዓመታት በዚሁ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከኋላ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የቀዳው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ወደ መድረክ ተመለሰ። እኔ ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ዋሽንግተን ሲባል ዋይት ሐውስ ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ የሚታየኝ ያ ኪቦርድ ነው።

መንገድ ላይ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። እህቴን ላይ፣ ማታ ማታ ደግሞ የከተማዋን ሙዚቀኞች ልሰማ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው የዚችን ከተማ ሙዚቃ፣ ጎ-ጎን፣ ሳትሰሚ እንዳትመለሺ» አሉኝ። «እኔ የመጀመሪያ ቀን ግራ ነው የገባኝ። ዘፈኑ አያልቅም! አለቀ ስትዪ ከበሮው ይቀጥላል። ደግሞ መሀል ላይ ሰውን በስሙ ይጠራሉ።»

ሰውን በስሙ ይጠራሉ ያሉት ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ከአጥር ማዶ የሚመጣ የማሲንቆ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚያመጣልኝ፤ ራሴን ከቻልኩ በኋላም የወር ደመወዜ የመጀመሪያው አርብ የአዝማሪ ቤት ነበር። አዝማሪው ገና ከመቀመጥሽ ስምሽን ከጓደኛሽ ይሰማል፤ ከዚያ በስንኝ ጠቅልሎ ይመልስልሻል። ሰው ስሙ በዜማ ሲጠራ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ያየ ያውቀዋል። (ያኔ ሠፈሬ እንደነበረ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት ከኖረበት ቦታ ተነሣ፤ የእኛም ቤት አብሮ ሄደ።)

የእህቴ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ወሰን ማዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ። በማግስቱ ከልጇ ጋር በምድር ባቡር ወደ ዩ ስትሪት ወረድን። ልጁ ያኔ 23 ዓመቱ ነበር፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ዝግ ያለ ግን የጠራ። አሥራ ሁለተኛው መንገድ ጥግ ላይ ትሩ ሪፎርመር የሚባለው ሕንፃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የተሠራ፣ ጥቁር አሜሪካዊ አርኪቴክት የነደፈው። ዱክ ኤሊንግተን በዚህች ከተማ በ1899 ተወልዶ በዚህ አካባቢ ነው ያደገው፤ ገና ጎረምሳ ሳለ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ተጫውቷል። ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲሉ ዱከም ምግብ ቤት ነበር፤ የበርበሬና የቅቤ ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይወጣ ነበር።

ይኸው ኤሊንግተን በሕይወቱ ማምሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። ሙላቱ አስታጥቄ አብሮት ዋለ፤ ኤሊንግተንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ። በቀጣዩ ግንቦት እሱ አረፈ፤ በመስከረም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከዚያ የአዲስ አበባ ልጆች በተራቸው ተሰደው መጡና እሱ ባደገበት መንገድ ላይ እንጀራ መሸጥ ጀመሩ። እነዚህ ሁለት ከተሞች ሳይተዋወቁ እንግድነት የተበዳደሩ መሰለኝ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ መብራቱ በርቷል፣ እንሻገር» እስኪለኝ ድረስ ከሕንፃው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

በመጀመሪያው ምሽት ጆርጅታውን፣ ብሉዝ አሊ ሄድን። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአንዲት ጠባብ የኋላ መንገድ ውስጥ ያለ የጡብ ቤት ነው። ፒያኖው ከጠረጴዛችን አንድ ክንድ ተኩል ቢርቅ ነው፤ የተጫዋቹ ትንፋሽ ይሰማል። ሙዚቃው እንከን አልነበረውም። ታዳሚው ግን ሹካውን እንኳን በቀስታ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኔ ደግሞ ለወደድኩት ሰው ድምፄን ማሰማት የለመድኩ ነኝ። አክብሬ ሰምቼ ወጣሁ።

የአርቡ ግን ሌላ ነው። በደቡብ ምዕራብ ዋሽንግተን ዌስትሚኒስተር የሚባል የፕሬስባይቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አርብ አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አዳራሹን ለጃዝ ይከፍት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳክስፎን ሲነፋ ስሰማ መጀመሪያ ክርስትናዬ ትንሽ ደነገጠ። ከታች ምድር ቤት የተጠበሰ ዓሣ ይሸጥ ነበር፤ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ወንበሮቹ መሀል ይዞራል። ተጫዋቾቹ የከተማዋ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጠጉራቸው የነጣ። ከታዳሚው ብዙው ለዓመታት የለመደውን ወንበር የሚያውቅ ነው፤ ሳላውቅ የአንዲት እናት ቦታ ላይ ተቀምጬ ኖሮ ሰዎች በዓይናቸው ነገሩኝ።

እናትየው ሲመጡ ብድግ አልኩ። ሰማንያን የተሻገሩ ይመስላሉ፤ ሐምራዊ ባርኔጣ አድርገዋል። እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ትሮምቦን የሚነፋው ሽማግሌ ተራው ደርሶ ሲነሣ፣ እናትየው ዓሣቸውን የበሉበትን የፕላስቲክ ሹካ በጉልበታቸው ላይ ይመቱ ጀመር፤ ሹካው ከከበሮው ምት ቀድሞም ዘግይቶም አያውቅም። ሽማግሌው አንድ ረጅም ድምፅ ይዞ ሳይለቅ ሲቆይ እሳቸው ስሙን ጠሩት። ጮክ ብለው አልነበረም፤ ልጅን ለእራት እንደሚጠሩ ነው። ሰውየው መሣሪያውን ከአፉ ሳይነጥል ቅንድቡን ወደ እሳቸው አነሣ። እኔም አገሬ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ቅዳሜ በቀን ወደ ሰባተኛው መንገድና ፍሎሪዳ አቬኑ መጋጠሚያ ሄድን። እዚያ አንድ የስልክ መሸጫ ሱቅ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በደጁ በሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጎ-ጎ ሲያሰማ ኖሯል። እኔ ከመሄዴ ሁለት ወር ያህል በፊት፣ በመጋቢት ማብቂያ 2011 ዓ.ም.፣ አጠገቡ በተሠራው አዲስ አፓርታማ ከሚኖሩት አንዱ አቤት አለና ማጉያው እንዲዘጋ ተደረገ። የከተማዋ ሰው ይህን ሲሰማ መንገዱን ሞላው፤ ባንዶች በጭነት መኪና ላይ ሆነው ተጫወቱ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመ። ሙዚቃው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመለሰ። በዓመቱ ጎ-ጎ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ መሆኑ በሕግ ታወጀ።

እኔ ስደርስ ከማጉያው የቻክ ብራውን ጊታር እየወጣ ነበር። ቻክ ብራውን የጎ-ጎ አባት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው ያረፈው። ጊታር የተማረው በእስር ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጊታሩን ያገኘው በሲጋራ ለውጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጨፋሪው በዘፈንና በዘፈን መካከል እየተቀመጠ ሲያስቸግረው፣ ዘፈኑ ሲያልቅ በእጅ የሚመታው ኮንጋና ከበሮው እንዳያርፉ አደረገ፤ ምቱ ሁለቱን ዘፈኖች እንደ ድልድይ ያገናኛቸዋል። ጎ-ጎ የተባለውም ስለማያቆም ነው። ጥጉ ላይ አውቶቡስ የምትጠብቅ፣ በሁለት እጇ የአስቤዛ ከረጢት ያንጠለጠለች ሴት ሰውነቷን ሳታንቀሳቅስ በተረከዟ ብቻ ትመታ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፤ ምቱ እስኪዞር ጠብቃ ገባች።

በዚያው ሌሊት በዘጠነኛው መንገድ ካሉት የእኛ ቤቶች አንዱ ገባን። ከእኩለ ሌሊት በፊት ባዶ ነበር፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሞላ። የሚያሳዝነኝን ልናገር፦ ባንድ የለም። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ሳክስፎኑንም በጣቱ ይዞ ይሠራል። ጎበዝ ነው፤ ሰባት ሰው የሚቀጥር ገንዘብ ግን ቤቱ እንደማያገኝ ግልጽ ነው። ዘፋኟ ትዝታ ስትጀምር ግን ሁሉም ዝም አለ። አንድ የሥራ ልብሱን እንኳን ያልቀየረ ሰው ተነሥቶ ግንባሯ ላይ ዶላር ለጠፈ፤ ስሙን ጠየቀችው፤ ስሙን ይዛ ወደ ትዝታው ተመለሰች። ሰውየው ወደ ወንበሩ ሲመለስ እንደ ሙሽራ ነበር የሚራመደው።

እሑድ ምሽት የእህቴ ልጅ መኪና ይዞ ወደ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ወሰደኝ። «የዋሽንግተን ሙዚቃ ነው ስትሉ፣ ለምን ከዋሽንግተን እንወጣለን?» አልኩት።

«ሰዎቹ ወጥተዋላ፣ አክስቴ» አለኝ።

እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ ከመቶ ሰባ አንዱ ጥቁር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። የቤት ኪራይ ሲንር ሰዉ ወደ ሜሪላንድ ተሻገረ፤ ሙዚቃውም እየተከተለ ወጣ። የእኛም ሰዎች በዚያው መንገድ ነው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የገቡት።

አዳራሹ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው፣ ከመኪና ማቆሚያ ጀርባ የተደበቀ ነው። መድረኩ ላይ አሥር ሰው ቆጠርኩ፤ ግማሹ ከበሮ ነው የሚመታው። መጀመሪያ ያየሁት የኮንጋ ተጫዋቹን እጅ ነው። ከመጀመሩ በፊት ነጭ ፕላስተር እየቀደደ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠቀለለ፤ አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ። ሲጨርስ እጆቹን ገጥሞ ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ አለባቸው። ከዚያ ለሦስት ሰዓት ያህል አላረፉም።

ምቱን ፖኬት ይሉታል፣ ኪስ ማለታቸው ነው፤ ሁሉም መሣሪያ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቃጭሉ ከላይ ይቆጥራል፣ ኮንጋው ከሥር ያወራል። ትከሻዬ መጀመሪያ እንቢ አለኝ። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚሄድ ነው፤ ይኼኛው በአራት፣ ግን ወደ ኋላ ዘንበል እያለ። ልገባበት ስል ያመልጠኛል። ከዚያ ቃጭሉን ትቼ ኮንጋውን ብቻ መስማት ስጀምር ትከሻዬ ራሱ አገኘው። አጠገቤ ያለችው ልጅ እስክስታውን አይታ ልትማር ዞረች።

መድረኩ ፊት ላይ የሚቆመውን ሰው መሪ ተናጋሪ ይሉታል። ዘፋኝ አይደለም፤ ሥራው አዳራሹን ማወቅ ነው። ዘፈኑ አልቆ ከበሮው ብቻ ሲቀር የሠፈር ስም ይጠራል፣ የመንገድ ቁጥር፣ ልደቱ የሆነ ሰው፣ በዚያ ሳምንት የሞተ ጓደኛ። የተጠራው ወገን ይመልሳል፤ ከበሮው ደግሞ የመልሱን ምት ይወስድና ይደግመዋል። አንዳንዱ ስሙን በስልኩ ላይ ጽፎ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ አንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት ያቀብላል። ባንዶቹ እያንዳንዱን ምሽት ይቀዱትና ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በዚህም የተነሣ በአንድ ምሽት የተጠራ ስም ዓመታት ይኖራል። ሾፌሩ ያሉት ይህንን ነው። ማሲንቆው ኮንጋ ሆነ እንጂ አዝማሪ ቤት ነው ያለሁት።

የእህቴ ልጅ አንድ ነገር በናፕኪን ላይ ሲጽፍ አይቼ ምንድነው አልኩት፤ ሳይመልስልኝ ሰዉን እየሰነጠቀ ሄደ። ናፕኪኑ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ መድረኩ ጋ ደረሰ። መሪ ተናጋሪው አነሣው፤ ቀረብ አድርጎ አየው፤ ራቅ አድርጎ አየው። ከበሮው ይጠብቀዋል።

«ካ… ዛን… ቺዝ!» አለ።

ኮንጋው ወሰደው፦ ካ-ዛን-ቺዝ፣ ካ-ዛን-ቺዝ። ሰውየው ማይክራፎኑን ወደ አዳራሹ ዘረጋ፤ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጮኸለት። እኔ ድምፅ አልወጣ አለኝ። ከወደ ኋላ ግን፣ ከምሰሶው ጥግ፣ እልልታ ተነሣ። ዞር ስል የማላውቃቸው ሦስት ሴቶች እጃቸውን ሰቅለዋል። አንደኛዋ እየተጋፋች መጥታ ጆሮዬ ሥር ጮኸች፦

«መናኸሪያ ጋ ነን እኛ! አንቺስ?»

«ከቶታል ጀርባ!» አልኳት።